አውሮፕላን ሊያይ የሄደው አባትሽ

እንጅባራ
ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ ለእንቁ፤

እንዴት ከረምሽልኝ የኔ ዓለም? የዱባይ ሙቀት በረድ አለልሽ? እኛ ዘንድ ውርጩ ጀምሯል፤ ሳሩ ነጭ ሆኖ ያድራል። ኔትወርኩ አንድ ቀን መጥቶ ሳምንት ስለሚጠፋ፣ የይኸነው ልጅ ውቢት ወደዚያው ስትመለስ ይህን በእጇ ሰደድሁልሽ። አስቀድመሽ ይህን እወቂ፤ አባትሽ ደህና ነው። የሆነውን ከሌላ ሰው ሰምተሽ እንዳትደነግጪ ነው የምጽፍልሽ።

ከፈረስ ወድቆ ወገቡን ከተጎዳ ወዲህ የቀርከሃ ሥራውን መተዉን ታውቂያለሽ። መልክሽን እያየሁ እንዳወራሽ የላክሽልኝን ታብሌት እሱ ወረሰኝ። የፎቶ ኮፒ ቤቱ ልጅ አየነው የሥዕል መሳያ ጫነለት። አልጋና ወንበር ሲሠራ የኖረ እጅ ምን ይስል ይሆን ብል፣ አውሮፕላን! በጣቱ ያሰምራል፣ ያጠፋል፣ እንደገና ያሰምራል። የክንፉን ጥላ ሳይቀር ቀለም ይቀባል። ጨረሰ ስል ሌላ ይጀምራል። ጎረቤቱ «ሽመክትን ምን ነካው?» ይለኛል። አንቺ ስትደውዪ ግን ያው እንደምታውቂው ነው፤ ተነስቶ ወደ ጓሮ ይወጣል። አትሂጂ እያለሽ ከሄድሽ ወዲህ ስምሽን ጠርቶ አያውቅም።

ባለፈው ሳምንት ሐሙስ ከገበያ ስመለስ ቤቱ ዝግ ነው። ታብሌቱም ከዘራውም የለም። ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ፣ እህቱ ቤት ላክሁ፣ የለም። ኋላ ያ የፎቶ ኮፒ ቤቱ ልጅ አየነው፣ «እትዬ ማስተዋል፣ ጠዋት መናኸሪያ አይቻቸዋለሁ። የባሕር ዳር ሚኒባስ ውስጥ ነበሩ» አለኝ። መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል። ስልኩ አይሠራም። በማግስቱ ከአዲስ ቅዳም የመጣ ሹፌር «ከዳንግላ ወዲህ መኪና አያልፍም» አለ። ያን ጊዜማ ለለቅሶ የምቀመጥ መሰለኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት በሩ ተንኳኳ። እሱ ነው! አቧራ ለብሶ፣ ታብሌቱን በጋቢው ጠቅልሎ ቆሟል። ተመስገን ማለቱም ጠፋኝ፤ ጋቢውን ጨምድጄ ይዤ፣

«የት ነበርህ አንተ ሰው?» አልሁት።

«ጎማው እንቢ አለኝ።»

«የምን ጎማ?»

«የአውሮፕላኑ ነዋ! ከሆዱ እንዴት እንደሚወጣ አልገባ አለኝ። በዓይኔ ላየው ሄድሁ።»

ልጄ፣ ልደበድበው ምንም አልቀረኝ። አረፍ ካለ በኋላ እየሳቀ አወጋኝ። ባሕር ዳር፣ አየር ማረፊያው አጥር ሥር ቆሞ ሲያንጋጥጥ አንድ ጥበቃ መጥቶ «አባቴ፣ እዚህ ምን ይሠራሉ? የያዙት ምንድን ነው?» ይለዋል። ከፍቶ አሳየው። ሰውየው አንዱን አይቶ ሌላውን፣ ሌላውን አይቶ ሌላውን።

«እርስዎ ነዎት የሳሉት?»

«እኔ ነኝ።»

«ተሳፍረው ያውቃሉ?»

«ኧረ የት አውቄው!»

«ታዲያ አውሮፕላን ብቻ ለምን?»

እዚህ ላይ አቋርጬ «ምን ብለህ መለስህ?» አልሁት። ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ መፍታት ጀመረ።

ደግ ሰው ነው ጥበቃው፤ የራሱን ወንበር ሰጥቶ አስቀመጠው፣ አውሮፕላኑ እስኪመጣም አብሮት ቆየ። አባትሽ ሲመለስ መንገዱ ተዘግቶበት ዳንግላ የአጎትሽ ልጅ ደርበው ቤት ሁለት ሌሊት አደረ።

«ሲያርፍ አየሁት» አለኝ። «እኔ የሚወድቅ ይመስለኝ ነበር። አይደለም፣ ማስተዋል። ቀስ ብሎ ነው። ሕፃን እንደ ማስተኛት ነው።»

ከዚያ ወዲህ እንቅልፉ ተመልሷል፤ ምግብም ይበላል። እስካሁን የሳላቸው ሁሉ ወደ ላይ የሚወጡ ነበሩ፤ አሁን ጎማውን ዘርግቶ የሚወርድ ይዟል። ከሥሩም ሰፊ ሜዳ ሠርቶለታል፤ ዳሩን በቀርከሃ አጥሮታል። «እንጅባራ እኮ አውሮፕላን ማረፊያ የላትም» ስለው፣ «ዝም በይ፣ እየሠራሁላት ነው» አለኝ። ለከተማዋ ይሁን ለማን አልጠየቅሁትም።

እኔስ እፎይ ብያለሁ፤ አንቺም እፎይ በይ። እመቤቴ ማርያም በወጣሽ በገባሽበት ትከተልሽ፣ ከክፉ ዓይን ትሰውርሽ፣ እጅሽ የነካውን ትባርክልሽ።

እናትሽ ማስተዋል

ትናንት አባትሽ «እሑድ ነው የምትደውለው?» ብሎ ጠይቆኛል። ኔትወርክ ካለ ደውዪ። እሱ ቶሎ ባያነሳው እንዳትዘጊው፤ እጁ ፈርቶ ነው።