የአባትህ እሁድ

ጄኖቫ፣ ሐሙስ

ለምወድህ ልጄ፤

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? ብርዱን እንዴት ቻልከው? ደህና ነን እንዳልልህ ውሸት አይሆንልኝም። ይህን ደብዳቤ ለአክስትህ ሰጥቻታለሁ፤ አንዳንዴ ልብስህን ልታሳጥብ ብቅ ትላለህ አሉ። የት እንደምታድር እንኳ የማትነግራት ምን ሆነህ ነው?

ልጄ፣ ፈርቻለሁ። አባትህን ካወቅሁ ወዲህ ፍርሃት ለእኔ አዲስ አይደለም። ጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹ ፋሺስቶች ሲያስሩት ፈራሁ፤ ተራራ ወጥቶ ጀርመኖችን ሲዋጋም ፈራሁ። ፓርላማ ሲገባ ግን «እፎይ፣ አሁንስ ወንበር ላይ ተቀመጠልኝ» ብዬ ነበር።

ባለፈው ወር በስብሰባ ላይ ተነስቶ «በአብዮት ስም የሰው እግር በጥይት የሚመቱ ልጆች የሠራተኛው ጠላት ናቸው፤ የምታውቋቸውን ለፖሊስ ጠቁሙ» አለ። ከዚያ ወዲህ ስልኩ ይጮኻል፤ ሳነሳው ዝም። ግድግዳችን ላይም በቀይ ቀለም «ተራህ ነው» ብለው ጽፈዋል።

እሁድ እሁድ የፓርቲውን ጋዜጣ በየደጁ መሸጡን እንዲተው ለመንኩት። «አንቺ ሴትዮ፣ ድምፅ ልለምን የወጣሁትን ደረጃ ጋዜጣ ላደርስ ከከበደኝ ምኑን ኮሚኒስት ሆንኩ?» አለኝ። ግትርነቱን ታውቃለህ። መንገዱ ያው አንተን ትከሻው ላይ አስቀምጦ የዞረበት ነው፤ ሰዓቱም ያው ነው።

ታዲያ ትናንት ሲኞራ ዴልፊና፣ አምና ሰፈራችን የገባችው ወሬኛ፣ ገበያ ላይ ያዘችኝ። «ስሚ እንጂ፣ ባልሽ ጓድ ኦሬስቴ እኛ ደረጃ ስንት ሰዓት ይደርሳል ብሎ አንድ ልጅ ጠየቀኝ። ጋዜጣ ፈላጊ መስሎኝ ነገርኩት» አለችኝ። ምን ለብሷል አልኳት። «አረንጓዴ ሹራብ፤ የግራ ክርኑ በቡናማ ክር የተጠገነ። እናቱ ክር አልቆባት ይሆናል» ብላ ሳቀች።

አብሬያት ሳቅሁ። ምንም ሳልገዛ ግን ቤት ተመለስኩ። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ለአባትህ ብነግረው ራሱ ሄዶ ይጠቁማል፤ ጠቁሙ ያለው እሱ ነዋ!

እሁድ ጋዜጦቹን እኔ ነኝ የምይዘው። አባትህን ከኋላ አስከትዬ እኔ እቀድማለሁ። ደረጃው እንደምታውቀው ጠባብ ነው፤ ከላይ ሆኖ የሚጠብቅ ሰው መጀመሪያ የሚያየው የእኔን ሽበት ነው።

አባትህ አይስማ እንጂ ማዶናን፣ እመቤታችንን፣ ለምኜልሃለሁ። እሷ ትጠብቅህ፣ እጅህንም ትጠብቅልኝ። ቤት ና፤ የምትወደው የበሶብላ ስልስ አለ። ሹራቡንም አምጣው፣ አረንጓዴ ክር አግኝቻለሁ።

እናትህ