አባባ፣ ቤቱን ለመሸጥ እኔን አይጠብቁ

ውድ አባባ፣

እንደምን ሰነበቱ? ያ የማለዳ ሳል ለቀቀዎት ወይስ አሁንም ጎረቤት ይቀሰቅሳሉ? እማዬስ ጉልበቷ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስል ግን አርፌ ተቀምጬ አይደለም፤ ይህን ስጽፍ እንኳ እየተነሳሁ መስኮት እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ።

ፎቁን ሸጠን እትዬ አጠገብ ምድር ቤት እንግዛ ወይስ ዋጋ እስኪጨምር እንጠብቅ ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ሥራዬ እሱው አይደል! የውጭ ምንዛሪ ነገ ምን እንደሚሆን ሳይታወቅ ሲቀር የቤት ዋጋ ወዴት እንደሚሄድ በሒሳብ ሞዴል እፈትሻለሁ። ሰው ገንዘቡን ሲጠራጠር ወደ ግንብ ይሸሻል፤ ሞዴሉ የሚፈለገው ምን ያህል እንደሚሸሽ ለማወቅ ነው። ለዚህም ታናሽ ወንድሜ የሰፈራችንን ዋጋ በየወሩ ከደላላው እየጠየቀ ይልክልኛል።

ሰሞኑን ታዲያ ምንዛሪው ረግቶ፣ ሌላው ሰፈር ዝም ብሎ ሳለ የእኛ ሰፈር ዋጋ ብቻውን ሽቅብ ወጣብኝ። ፕሮፌሰሬ ትልቅ ግኝት ነው ብለው እጃቸውን አፋተጉ፤ የእኔም አንጀት ቅቤ ጠጣ። ለወንድሜ ደውዬ ምክንያቱን ብጠይቀው በሳቅ ፈረሰ። አባባ «ልጄ አጥንታ እስክትነግረኝ አልሸጥም» ካሉ ወዲህ ደላላው «ዶክተሯ ሊጨምር ነው ብላለች» እያለ ዋጋ ሰቅሏል፣ ጎረቤቱም ቤቱን ይዞ ቁጭ ብሏል አለኝ።

አባባ፣ እኔ «እያጠናሁት ነው» እንጂ ሌላ መች አልኩ? ዶክተርም ገና አልሆንኩ። እናንተ የእኔን መልስ፣ እኔ የእናንተን ዋጋ ስንጠብቅ ኖረናል። ሳቄም ንዴቴም አንድ ላይ መጣብኝ። የሰፈራችንን ቁጥር ከጥናቱ አውጥቼ ጣልኩት፤ ፕሮፌሰሩ እስካሁን አኩርፈውኛል።

ስለ ቤታችን ሞዴሉን ብጠይቀው የሚለኝ «ሊጨምርም ሊቀንስም ይችላል» ነው። ይህን ያህል ደላላውም ያውቃል። እትዬ የነገረችኝን ግን ሞዴሉም ደላላውም አያውቁትም፤ እማዬ ደረጃው አቅቷት ከቤት ከወረደች ወር አልፏታል አሉ። ለምን ደበቃችሁኝ?

ይሽጡት አባባ፣ በተገኘው ዋጋ ይሽጡት። በማግስቱ ቢጨምር ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ ተሳሳተች» ይበሉ፤ ቅር አይለኝም።

እትዬን ከነልጆቿ ሳሙልኝ። ወንድሜን ከእንግዲህ ዋጋ መጠየቁ ቀርቶልሃል በሉት። ደላላውን ሰላም አትበሉልኝ። እማዬን ደግሞ ሁለቱንም ጉልበቷን ሳሙልኝ፤ ምድር ቤቱ በር ላይ ወንበር አውጥታ ፀሐይ ስትሞቅ ፎቶ አንሷት።

ልጅዎ
ከተከራየሁት ክፍል፣ ጥቅምት 13 ቀን