አንባቢን ሲያርሙ የኖሩት መምህር አንዳርጋቸው ፈንታሁን

በሐይቅና በአምባሰል ንባብ የሚለካው በአለቃ ወልደ ሐና ጆሮ ነበር። አለቃ በሐይቅ እስጢፋኖስ ጉባኤ ተቀምጠው፣ አንባቢ አንዲት ቃል ሲስት በመቋሚያቸው መሬቱን መታ አድርገው ከመስመሩ መጀመሪያ ይመልሱት ነበር። ልጃቸው መሪጌታ ፈንታሁንም ይህንኑ ሥርዓት ሳያጎድሉ ጠበቁ። መምህር አንዳርጋቸው ከእኒሁ መሪጌታና ከእናታቸው ከወይዘሮ ተሻለች መኮንን በ1948 ዓ.ም. ሐይቅ ተወለዱ።

በስድስት ዓመታቸው በኩፍኝ ዓይናቸውን አጡ። አባታቸው ግን «ጆሮው አለ» ብለው ከጉባኤው አላስቀሯቸውም። ዜማና ቅኔ በቃል፣ ኋላም ብሬል ተምረው፣ ከ1971 ዓ.ም. ጀምሮ ጡረታ እስከ ወጡበት እስከ 2008 ዓ.ም. አማርኛ አስተማሩ። በ1976 ዓ.ም. ወይዘሮ ፋሲካ ይመርን አግብተው ሰላማዊትንና ምስጋናውን ወለዱ።

መጽሐፉንም የተማሪውንም የፈተና ወረቀት የሚያነቡላቸው ታናሽ ወንድማቸው አቶ ዝናው ነበሩ። ሠላሳ ዓመት አለፈ፤ አቶ ዝናው በወንድማቸው ታረሙ እንጂ አንድ ቀን አልተመሰገኑም። ቢሆንም ገበያ መካከል «የአንዳርጋቸው ዓይን» ሲባሉ አንገታቸው ቀና ይል ነበር።

በ2009 ዓ.ም. ሰላማዊት በኮምፒውተር ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ፣ በጎ ፈቃደኞች ለዓይነ ስውራን ሠርተው በነጻ የሚያድሉትን ፕሮግራም ጫነችላቸው። አማርኛው የተሰባበረ ነበር። መምህር አንዳርጋቸው ግን አልተቆጡም፤ እየደጋገሙ አድምጠው ስሕተቱን ለሠሪዎቹ ይልኩ ጀመር። አቶ ዝናው ይህን ትዕግሥት ሲያዩ ሆዳቸው ቆሰለ። እሳቸው በአንዲት ቃል ከመስመር ሲመለሱ ኖረው፣ ማሽኑ መቶ ጊዜ ቢስት ይታለፍለታል። «እንግዲህ ጋሼ፣ ቆርቆሮው ያንብብልዎ» ብለው ቀሩ።

በ2011 ዓ.ም. ሠሪዎቹ ትክክለኛው አነባበብ በሰው ድምፅ ተቀድቶ እንዲላክላቸው ጠየቁ። የመምህር አንዳርጋቸው ድምፅ በአስም ደክሞ ነበርና በባጃጅ ወንድማቸው ደጅ ድረስ ሄደው «ዝናው፣ አንድ ሺህ ቃል አንብብልኝ» አሏቸው።

«የሚተካኝን እኔው ላሠልጥን? ይህስ አይሆንም» ብለው አቶ ዝናው ከበር መለሷቸው። ሥራው ለዓመታት ቆመ።

በ2017 ዓ.ም. አስሙ ጸንቶ አልጋ ላይ ሲያውላቸው፣ ኮምፒውተር ያስተማሯት ዓይነ ስውሯ ራህማ ሀምዱ ልትጠይቃቸው መጣች። አቶ ዝናውም በአልጋው ግርጌ ተቀምጠው ነበር፤ ራህማ ግን መኖራቸውን አላወቀችም።

«ጋሽ አንዳርጋቸው፣ እኒያ ወንድምዎ ዛሬም እንቢ እንዳሉ ናቸው?» አለች እየሳቀች። «እኔ እኮ የሚያነብልኝ ወንድም የለኝም። ዲግሪዬን የያዝሁት በዚሁ ኮልታፋ ነው። ሌላ ሰው ይቅዳልን ብንል፣ እርስዎ ‹ከዝናው የተሻለ ንባብ አላውቅም› እያሉ ይኸው አስጠበቁን።»

አቶ ዝናው ተነሥተው ወጡ። በማግሥቱ የቃላቱን ዝርዝር ይዘው አልጋው አጠገብ ተቀመጡ። መምህር አንዳርጋቸው ሊያዳምጡላቸው የቻሉት የመጀመሪያዎቹን መቶ ቃላት ብቻ ነው።

መምህር አንዳርጋቸው ባደረባቸው ሕመም የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በስድሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውንና ወንድማቸውን ትተዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከቀደሙት አባቶች ጉባኤ ያኑርልን፤ ለቀሩትም መጽናናትን ይስጥ።

አቶ ዝናው በቀባሪው ሁሉ ፊት እንዲነበብ ያዘዙት ቃል ይህ ነው፦ «የቀረውን ዘጠኝ መቶ ቃል አነብባለሁ። ወንድሜ ደጄ ድረስ መጥተው ድምፄን ሲለምኑኝ ግን ቀንቼ ከለከልኋቸው። ተሳስቼ ነበር።»