እናታችን ያስገባችው ብር

ይፋግ፣ ጥር 1978 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለጀላሉዲን፣ ካለህበት ጦር ሰፈር።

አሰላሙ አለይኩም። ሰላምታዬ ከጣና ውሃ ይብዛልህ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን።

አምና የቁጠባ ማኅበራችን ከሰረ ተብሎ ተወርቶ፣ ገበያተኛው ሁሉ ብሩን ሊያወጣ ተሰልፎ ነበር። ገንዘብ ያዥ ነኝና ተራ በተራ ከፈልሁ። ካዝናው ባዶ ሊሆን ሲል እናታችን ሽንኩርት የሸጠችበትን ይዛ መጣች።

«እኔስ ላወጣ አይደለም፤ ለጀላል ሰርግ ላስቀምጥ ነው!» አለች ጮክ ብላ።

ሰልፈኛው እርስ በርሱ ተያየና ብዙው ወደ ቤቱ ተመለሰ። እፎይ አልሁ። ዛሬ አባላችን እጥፍ ሆኗል፤ የቆርቆሮ ቤት ሠራን፤ ለሸማኔዎችም ማበደር ጀመርን።

የጎረቤታችን የአቶ ቢያዝን ልጅ ካንተው ጦር ሰፈር የጻፈው ደብዳቤ ሰሞኑን ደረሰ። ካንተ ወረቀት ከመጣ ቆይቷልና፣ እናታችን ስምህ ቢነሳበት ብላ እነሱ ቤት ሄዳ ደግማ ደጋግማ አስነበበችው።

ይህን ወረቀት አላህ ከእጅህ ያግባልን።

እህትህ ዘይነት