ጫማ የተወለቀለት ጣውላ

ይድረስ ለተከበሩ አቶ አብተው
የሐይቅ ከተማ የስፖርት አዳራሽ የወለል መረጣ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ ጉልበትዎ እንደምን እንደሰነበተ እጠይቃለሁ። ሰው ሲገናኝ ስለ ልጅ፣ ስለ ከብት፣ ስለ ዝናቡ መጠያየቁ የአባት ነው፤ እኔ ግን ይህን ደብዳቤ እስክጨርስ ድረስ ከጉልበት በቀር የምጠይቅዎ የለኝምና ቅር እንዳይልዎ። የእርስዎ ጉልበት ሁለት ክረምት ሙሉ ከአንዱ የስብሰባ ወንበር ተነስቶ ሌላው ላይ ሲቀመጥ አንድም ቀን ቁርጥማት እንዳልተሰማው ከቅርብ ሰዎችዎ ሰምቼ ፈጣሪዬን አመስግኛለሁ። እንዲሁ ያቆይልዎ።

ቀጥሎም ምስጋናዬን ላድርስ። ከተማችን ጣሪያውም ግድግዳውም ያማረ አዳራሽ አግኝታለች፤ ከአርዲቦ በኩል በሚኒባስ የሚመጣ እንግዳ የቆርቆሮውን ብልጭታ ከሩቅ ሲያይ «ሐይቅ ደረስን» ይላል አሉ። የቀረው ወለሉ ብቻ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን የሚጫወቱበትን ልጆች ጠይቆ ያነጥፍና ይገላገል ነበር። እርስዎ ግን ነገሩን በጥልቀት ይዘው ኮሚቴ አቋቋሙ፤ ኮሚቴውም እንጨት ይሁን ሰው ሠራሽ እያለ ከከተማ ከተማ ልምድ ሲቀስም ከረመ። የልምድ ልውውጡን ፎቶ ሁሉ አይተናል፤ ስለ ወለል ባይሆንም ስለ ምሳ አቀራረብ ብዙ ተምረንበታል።

ይህን የምጽፈው ጠርጥሬ እንዳይመስልዎ። ሰውን መጠርጠር ደግ እንዳልሆነ በልጅነቴ ተነግሮኛል። ሆኖም የኔ ሥራ ወሬ መስማት ነው፤ ወሬ ደግሞ እዚህ ከተማ ሳይጠሩት ይመጣል፣ ሳያስቀምጡት ይቀመጣል፣ ሲሄድም ጥርጣሬውን ረስቶ ይሄዳል። እኔ ያንን የተረሳ ዕቃ ለባለቤቱ እየመለስኩ ነው ብለው ያስቡልኝ።

ነገሩ የማን ነገር እንደሆነ እንዳንረሳ ስለ እድላዊት ላስታውስዎ። እድላዊት የወይዘሮ ፍቅርአዲስ ልጅ፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ፣ የሴቶች መረብ ኳስ ቡድናችን መቺ ናት። ስትዘል አይተዋት ከሆነ ሌላ ነገር ማየት ያስጠላል። ችግሩ ያለው መዝለሉ ላይ ሳይሆን መውረዱ ላይ ነው። የአዳራሹ ሊሾ ላይ ስትወርድ ከርማ ቀኝ ጉልበቷ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሏል። ወጌሻው አያ ጁማ አሽቶ ካሰረላት በኋላ «ስሚ የኔ ልጅ፣ ዝለዪ፣ እኔ አልከለክልሽም፤ ሲሚንቶ ላይ አንድ ጊዜ ከወረድሽ ግን ከእንግዲህ ወደኔ እንዳትመጪ፣ አናጢ ፈልጊ!» ብሎ አሰናብቷታል። ኅዳር ላይ የክልል ውድድር አለ። እንግዲህ ልጅቱ ለልምምድ የምትወርድበት ወለል ካገኘች ትጫወታለች፣ ካላገኘች ጓደኞቿን እስከ መኪናው ሸኝታ ትመለሳለች። እናቷ ለግሸን ማርያም ጥላ ተስላለች። የእርስዎ ኮሚቴ እያለ ሰው ስለት እስከ መሳል መድረሱ የኮሚቴውን ክብር እንዳይነካ ብዬ ሳልነግርዎ ቆይቼ ነበር።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልግባ። ሦስት ነው፤ ሲጻፍ ከበዛ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

አንደኛ፦ ስለ ናሙናው። ሐምሌ ላይ እያንዳንዳቸው አንድ አልጋ የሚያካክሉ ሁለት ናሙናዎች አዳራሹ ውስጥ፣ ከበሩ አጠገብ፣ ጎን ለጎን እንዲነጠፉ አደረጉ። አንዱ በቫርኒሽ የሚያብረቀርቅ የጣውላ ንጣፍ፣ ፓርኬ ነበር። ሌላው ከሥሩ ስፖንጅ ያለው ሰማያዊ ሰው ሠራሽ ወለል። «ሕዝቡ በነፃነት ይርገጠው፤ ከወር በኋላ የትኛው እንደጸና አይተን እንወስናለን» ተባለ። ሐሳቡ ግሩም ነበር። የተዘነጋው የሚረግጠው ሕዝብ የሐይቅ ሕዝብ መሆኑ ብቻ ነው።

መጀመሪያ የገቡት አያ ሙሐመድሁሴን ናቸው። ከገበያ ሲመለሱ ዝናብ ቢያባርራቸው ሊጠለሉ ነበር የገቡት። ፓርኬውን ሲያዩ ቀጥ ብለው ቆሙና «ኸዚህ ላይ በጫማ? አፈር ስሆን! ያሳደገን ሰው የለም እንዴ?» ብለው ጭቃ የጠገበ ቡትስ ጫማቸውን አወለቁ። ጫማ ከወለቀ ደግሞ ማስቀመጫ ይፈልጋል። ሊሾው በዝናብ ርሷል፤ ሰማያዊው ለስለስ ብሎ አጠገባቸው ተዘርግቷል። እዚያ ላይ አስቀመጡት። ከኋላቸው በሐይቅ እስጢፋኖስ ቅኔ የሚያስተምሩት አባ መልከ ጼዴቅ ደረሱ። እርሳቸውማ ከደጀ ሰላም ጀምሮ ጫማ ማውለቅ የለመደ እግር ነው ያላቸው፤ ማንም ሳይነግራቸው አውልቀው ከቡትሱ ጎን አሰለፉት። «አያ ሙሐመድሁሴን፣ ቤት ሠርተው ሳይጠሩን?» ቢሏቸው፣ «አብሽሩ አባ፣ የመንግሥት ነው፤ ቢሆንም ግቡ፣ እኔ ፈቅጃለሁ» አሏቸው አሉ።

ሁለቱ ሽማግሌዎች ካወለቁ በኋላ ማን ደፍሮ በጫማ ይገባል? ወር ሙሉ ከተማው ፓርኬውን በባዶ እግሩ ዳበሰው፣ ልጁን «እንዳታቆሽሽ!» እያለ ተቆጣበት፣ ጫማውን ግን ሰማያዊው ላይ ከመረ። ዘበኛው ትሁን ጭራሽ ፓርኬውን በየጠዋቱ በጨርቅ ይወለውል ጀመር። ለምን ቢሉት «ጠብቅ ተባልኩ እንጂ የቱን ጠብቅ አልተባልኩም፤ የሚያምረውን ያዝኩ» ይላል። እውነቱን ነው፤ መመሪያ አልተሰጠውም።

በዚያ ወር በሁለቱም ላይ የዘለለች እድላዊት ብቻ ናት። ጓደኞቿ የጫማውን ክምር ገፋ አድርገው ስፍራ አበጁላት። ፓርኬው ላይ ዘላ ወረደች፤ ፊቷን አኮማተረች። ሰማያዊው ላይ ዘላ ወረደች። ደግማ ዘለለች። «ያኛው ይገፋኛል፤ ይኼኛው ይቀበለኛል» አለች። ይህን ቃል በቦታው የነበረ ሁሉ ሰምቷል። ኮሚቴው በቦታው አልነበረም፤ ልምድ ሲቀስም ነበር።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ መጥታችሁ ናሙናዎቹን መረመራችሁ። ፓርኬው «አንድም ጭረት የሌለበት፣ ጽናቱ የሚያስደንቅ» ተባለ። ሰማያዊው «ገና በአንድ ወሩ የቆሸሸ፣ ጠርዙ የተነሳ፣ ለአገልግሎት የማይበቃ» ተባለ። ትሁን እጁን አውጥቶ «ጌታዬ፣ ፓርኬውን እኮ በጫማ የረገጠው ሰው የለም፤ ያኛው ጫማ ማስቀመጫ ነው የነበረው» ቢልዎ «አስተያየትህ ተይዟል» አሉት። ከዚያ ወዲህ የት እንደተያዘ እየፈለግንለት ነው። እኔ ሰው ሲሳሳት አይደንቀኝም፤ የነገሩትን ስህተት ተሸክሞ ሲሄድ ግን ምን ሊያደርግበት ነው እላለሁ።

ሁለተኛ፦ ስለ ፈተናው። በዚያው ቀን ናሙናዎቹ በሥራ ላይ እንዲፈተኑ መደረጋቸው የሚያስመሰግን ነው። የስፖርት አዳራሽ ነውና ኳስ ይመጣል ብለን ጠበቅን፤ ወንበር መጣ። የወንበሮቹ እግር በጨርቅ ተጠቅልሎ ነበር፤ ይህም ፓርኬው እንዳይጫር የተደረገ ርኅራኄ መሆኑ ነው። ከዚያ የኮሚቴው አባላት ፓርኬው ላይ ተቀመጣችሁ፣ ወንበሩን ወደፊት ሳብ፣ ወደኋላ ገፋ አደረጋችሁ፣ «ይመቻል» ተባባላችሁ። እውነት ለመናገር ይመቻል። የስፖርት መምህርቷ ሰላማዊት ግን «ለተቀማጭማ የማይመች ወለል የቱ ነው?» ብላ ጠየቀች። ደግሞም እንጨት ክፉ ነው አላለችም። ጥሩ የእንጨት ወለል ከሥሩ ወራጅ እንጨትና ላስቲክ ተደርጎለት፣ ሲረገጥ ጎንበስ ብሎ ቀና እንደሚል፣ ሊሾ ላይ በማስቲሽ ከተለጠፈ ግን ቫርኒሽ የተቀባ ሲሚንቶ እንደሆነ ነው ያስረዳችው። «ላዩን ተዉት፣ ከሥሩ ምን አለ?» አለች። «የኔ እህት፣ አጀንዳው የወለል እንጂ የሥር አይደለም» ብለው በትሕትና መለሱላት። ትሕትናዎን እስከ ዛሬ ታነሳለች።

ሦስተኛ፦ ስለ ውሳኔው። ፓርኬው ተመረጠ፣ መስከረም ላይ ያለ ወራጅ ያለ ላስቲክ ሊሾው ላይ በማስቲሽ ተለጠፈ፣ ሊሰነጠቅ ይችላል ተብሎም ተፈራለት። ቀጥሎ በሩ ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ፦ በጫማ መግባት፣ ኳስ ማንጠር፣ መሮጥና መዝለል ክልክል ነው፤ ለስብሰባ ሲሆን ምንጣፍ ይነጠፍበታል። ደጋግሜ አነበብኩት። ለስፖርት አዳራሽ የተጻፈ መሆኑን ለማረጋገጥ ወጥቼ የበሩን ስም ሁሉ አየሁ። ስሙ ልክ ነው። ሰው ስላልረገጠው የተመረጠው ወለል ሰው እንዳይረግጠው ተቆልፏል። ልጆቹም መረባቸውን ነቅለው ከበሩ ፊት ለፊት ያለው የሲሚንቶ ግቢ ላይ ተከሉት። በቀደም የአምባሰል ልጆች ለወዳጅነት ጨዋታ መጥተው እዚያው ሲሚንቶ ላይ ጉልበታቸው ተልጦ ሄደዋል። አንዷ በመስኮት አጮልቃ የተቆለፈውን ፓርኬ ካየች በኋላ «የኛ ሜዳ አፈር ነው፤ ግን አፈር ይራራል። የናንተ የሚያምረው ለማን ነው?» ብላ ጠየቀችን። እድላዊት በዚያ ቀን እግሯን ዘርግታ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ኳስ ታቀብል ነበር። እንድትገባ ያልለመናት የለም። ወደ ሲሚንቶው አይታ፣ ወደ በሩ አይታ፣ ኳሱን መልሳ ወረወረች።

ቅሬታዬ ሦስት ነው ብዬ ነበር፤ አራተኛው ቅሬታ ሳይሆን ጥያቄ ነውና አይቆጠርብኝ። አዳራሹ ገና ጣሪያ ሲመታ፣ መረብ ሳይመጣ፣ ኳስ ሳይመጣ፣ የንግግር ማድረጊያ ፖዲየም መምጣቱን ያራገፉት ወጣቶች ነግረውኛል። ፖዲየሙ ከነመጠቅለያ ላስቲኩ ጥግ ላይ ቆሞ ወለሉን ሲጠብቅ ነው የከረመው። እኔ እንግዲህ አልጠረጠርኩም። የጠረጠሩት ሌሎች ናቸው፤ እነሱም «ይህ ቤት ድሮም የተሠራው ለሚቀመጥ ነው፤ የሚዘሉት ለፎቶ ነው የተጠሩት» ይላሉ። «ወሬ ነው» ብዬ ተከራከርኩላችሁ። «እሺ፣ ኮሚቴው ስለ ጉልበት የጠየቀበትን አንድ ቀን ንገሪን» ሲሉኝ ግን ማስታወሻዬን ገልጬ ቀኑን አጣሁት። ቀኑን ቢያስታውሱኝ ሄጄ እረታቸዋለሁ።

የምለምንዎ ቀላል ነው። ክልከላው ከበሩ ይነሳ፤ ፓርኬው ይጫር፣ የተሠራው ለመጫር ነው። ልጆቹ ከመረቡ ግራና ቀኝ በሚወርዱበት ቦታ ያ ስፖንጅ ያለው ሰማያዊ ወለል ይነጠፍ። ይህም ከኅዳር በፊት ይሁን። ከኅዳር በኋላ የሚመጣ ወለል ለእድላዊት ወለል አይደለም፤ ለሚቀጥለው ስብሰባ ነው።

ስለ ደከሙበት ሁሉ፣ በተለይም ስለ ተቀመጡበት ሁሉ፣ በራሴና መግባት በተከለከለው የከተማዬ ሕዝብ ስም እጅ እየነሳሁ፣ ጫማዬን በእጄ ይዤ ከበሩ ውጭ እንደቆምኩ እሰናበታለሁ።

አክባሪዎ
እናትነሽ ሽታው
የዚህ መጽሔት ዓምደኛ፣ ከሐይቅ

የተረሳ ነገር፦ ከውሳኔው በኋላ ከአዳራሹ ጓሮ ያስጣሉት ሰማያዊ ናሙና በቦታው የለም ተብለው እንደሆነ ትሁንን እንዳይቆጡት፤ እርሱ እንደታዘዘው ፓርኬውን ሲጠብቅ ነበር። ልጆቹ ናቸው የወሰዱት። የከተማውን የጫማ ጭቃ በሳሙና አጥበው፣ የተነሳውን ጠርዝ ሰፍተው፣ ወይዘሮ ፍቅርአዲስ ግቢ ውስጥ ገመድ እንደ መረብ ወጥረው ከሥሩ አንጥፈውታል። ስፋቱ ያው የአንድ አልጋ ነውና እድላዊት ከየትም ብትነሳ እዚያችው ላይ መውረድ ተለማምዳለች። እብጠቱ ጎድሏል። አያ ጁማም አይቶ «አናጢውን ተዪው» ብሏታል። ለኅዳር ትደርስ እንደሆነ ገና አናውቅም፤ ሙሉ ሜዳ የሚሸፍነው ወለል በእርስዎ እጅ ነው፣ የአልጋዋን ያህሉ በእኛ እጅ። ኮሚቴዎ ያልተካሄደውን ፈተና ማየት ከፈለገ በሩ አይቆለፍም፤ ማታ ማታ ሲመሽ ሳይሆን ከትምህርት ሰዓት በኋላ በብርሃን ይምጡ። ሲገቡ ግን ጫማዎን ያውልቁ፤ ማስቀመጫው ሲሚንቶው ላይ ነው።