በቁስል ማጠቢያ ክፍል ጣሪያ ላይ ስለተሰቀለው የክቡርነትዎ ድምፅ

ለከተማችን ጠቅላላ ሆስፒታል ክቡር ሜዲካል ዳይሬክተር
ባሉበት

እጅግ የማከብርዎ ዶክተር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎና መላው ቤተሰብዎ እንደምን ሰነበታችሁ? ለክቡርነትዎ ሙሉ ጤና፣ ጣፋጭ እንቅልፍና ረዥም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ በተለይም የግራ እግርዎ አውራ ጣት ፈጽሞ እንዲሽርልዎ ከልቤ እጸልያለሁ። ስለ ጣትዎ እንዴት እንዳወቅሁ ደብዳቤዬ ሲያልቅ እነግርዎታለሁ፤ እስከዚያው የአንድ ዜጋ መልካም ምኞት ነው ብለው ይቀበሉልኝ።

እኔ ከሆስፒታሉ ዋና በር ፊት ለፊት፣ በመድኃኒት ቤቱና በፎቶ ኮፒ ቤቱ መካከል በተሰነቀረችው ጠባብ ሱቅ ራዲዮና ድምፅ ማጉያ ስጠግን ሃያ ሁለት ዓመት የሞላኝ ሰው ነኝ። ሐኪም ስላልሆንኩ፣ ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች እንዳይባልብኝ፣ ስለ ሕክምና ብዙ አልተነፍስም፤ የምጽፈው ስለ ድምፅ ነው። ጉዳዩን በአካል ላቀርብ ሦስት ጊዜ ወደ ቢሮዎ ብመጣም፣ ጸሐፊዎ በመጀመሪያው ቀን ስብሰባ ላይ እንደሆኑ፣ በሁለተኛው ከስብሰባ ወጥተው እያረፉ እንደሆነ፣ በሦስተኛው ለስብሰባ እየተዘጋጁ እንደሆነ በትሕትና ስለነገረችኝ፣ በአደባባይ ለመጻፍ ተገደድኩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ።

ታላቅ እህቴን፣ እኔ እትዬ የምላትን፣ ክቡርነትዎ በካርድ ቁጥሯ ያውቋት ይሆናል። እናታችን ስታርፍ እኔ የአምስት፣ እሷ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጆች ነበርን። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሆቴል አንሶላ እያጠበች አሳደገችኝ፤ ይኸው ፀጉሬ ሸብቶም «አንተ ልጅ፣ በልተሃል?» ማለቷን አልተወችም። ከሰባት ሳምንት በፊት በልብስ ማጠቢያው ክፍል የውሃ ማፍያው ክዳን ተፈናጥሮ፣ የፈላ ውሃ ከቀኝ ጭኗ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ወረደባት። በየሦስት ቀኑ ፋሻው ይነሳል፣ የሞተው ቆዳ ይለቀማል፣ ቁስሉ ይታጠባል። ከሩቅ ለሚያስበው ቀላል ነገር ነው፤ የሰው ቁስል፣ እንጨት ስደድበት ተብሎ የለ።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

1ኛ. ሂፕኖሲስ የሚባለውን፣ በለስላሳ ቃል ሐሳብን እያራቁ ሕመም የሚያስታግሱበትን ሕክምና ወደ ሆስፒታሉ ስላስገቡልን እናመሰግናለን። ይህን ያለ ሽሙጥ ነው የምለው፤ ሽሙጡ ወደ በኋላ ይመጣል። መጀመሪያ ስሰማ የጠንቋይ ሥራ መስሎኝ ስቄ ነበር። ነገር ግን ሥልጠናውን የወሰዱት አንጋፋ ነርስ፣ በሽተኞች «ሲስተር ቀስ» የሚሏቸው፣ እንደ ደንቡ የማስታገሻውን መርፌ ከወጓት በኋላ ወንበር ስበው እህቴ አጠገብ ተቀመጡና፣ ከሁሉ ደስ የሚላት ቦታ የት እንደሆነ ጠየቋት። እትዬ ብዙ አገር ያየች ሰው አይደለችም፤ አንሶላ የተሰጣበት የሆቴሉ ሰገነት፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ አለቻቸው። እሳቸውም «ቀስ፣ ቀስ፤ የመጀመሪያውን አንሶላ ገለጥ አድርጊው፤ እርጥብ ነው፣ ቀዝቀዝ ይላል፤ እግርሽን ነካ አደረገሽ» እያሉ ከአንሶላ አንሶላ ሲያሻግሯት፣ ሌላዋ ነርስ ፋሻውን ፈታች፣ አጠበች፣ መልሳ አሰረች። መጋረጃው ጀርባ ጆሮዬን ይዤ ጩኸቷን ስጠብቅ የሰማሁት ረዥም ትንፋሿን ብቻ ነበር። እንቅልፍ እንዳልወሰዳት፣ ሕመሙም እንዳልጠፋ፣ ግን ራቅ ብሎ እንደቆመላት ነገረችኝ። አራት ጊዜ እንዲህ ታጠበች፤ እኔም ስለ መሳቄ ይቅርታ ጠይቄያለሁ።

2ኛ. መልካም ነገር እንዳይበዛብን ፈጥነው ስለደረሱልን ምስጋናችን ወሰን የለውም። ሲስተር ቀስ ለአንድ በሽተኛ ሃያ አምስት ደቂቃ ሲፈጁ ዕቅዱ ግን ስድስት እንደሚል በግምገማ ስለተደረሰበት፣ ወደ ካርድ ማከማቻ ክፍል ተዛውረው ዛሬ በዚያ ለስላሳ ድምፃቸው ፋይሎችን ያረጋጋሉ። እውነቱን ለመናገር እሳቸው ከገቡ ወዲህ አንድም ፋይል ሲጮህ አልተሰማም። የማስታገሻው መርፌም፣ ሂፕኖሲስ እያለ ድግግሞሽ ነው ተብሎ ለቁስል ታጣቢዎች እንዳይሰጥ ተወሰነ።

3ኛ. በሲስተር ምትክ የራስዎን ድምፅ ስለለገሱን። በመሥሪያ ቤቱ ከክቡርነትዎ ድምፅ የሚበልጥ አረጋጊ ድምፅ አለመኖሩን የሥራ ኃላፊዎቹ ሁሉ በፊትዎ ስለመሰከሩ፣ የስድስት ደቂቃ ቅጂ ተዘጋጅቶ ለሁሉም በሽተኛ፣ ለተቃጠለውም ለተቆረጠውም፣ ከጣሪያ ላይ ይለቀቅ ጀመር። «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» እያሉ የተረቱትን ሁለት የጽዳት ሠራተኞች እኔ ራሴ ገሥጬያቸዋለሁ።

4ኛ. እዚህ ላይ ከክቡርነትዎ ይልቅ በራሴ አፍራለሁ። የበሽተኞቹ ጩኸት ቅጂውን እየዋጠው ስላስቸገረ፣ «ከጩኸቱ በላይ አድርግልን» ተብዬ የተጠራሁት እኔ ነኝ። ሲስተር ቀስ ለጊዜው ፈቃድ የወጡ መስሎኝ መሰላል ላይ ወጣሁ፤ ሥራዬን የምወድ ሰው ነኝና የሚሻክረውን አለስልሼ፣ ጎርናናውን አጉልቼ አስተካከልኩት። በዚህም ምክንያት ድምፅዎ ኮሪደሩን አልፎ እስከ ካርድ መስጫው ደረሰ። ክቡርነትዎ በሽተኛውን ለማረጋጋት ከአሥር ወደ ታች ሲቆጥሩ፣ ኮሪደሩ ላይ የተራ ቁጥር ይዘው የተደረደሩት ሰዎች ተራቸው የተጠራ መስሏቸው በየቁጥራቸው ይገቡ ጀመር፤ ስምንት ቁጥር በክራንች፣ ሰባት ቁጥር ልጃቸውን አዝለው። «አንድ» ሲሉ ክፍሉ ጢም ብሎ ነበር፤ በድምፅዎ የተኛው ግን በር ላይ ያለው ዘበኛ ብቻ ነው።

5ኛ. በማግስቱ ተራው የእህቴ ነበር። ያለ መርፌ፣ ያለ ሲስተር አስተኟት። ፋሻው ግማሽ ድረስ እንደተፈታ፣ እኔ ባሳመርኩት ድምፅ ክቡርነትዎ እንዲህ አሏት፦ «አሁን ሞቅ ያለ ውሃ ከእግርዎ ጣት ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ላይ እየሸፈነዎት ነው።» በፈላ ውሃ ለተቃጠለች ሴት! እኔም መሰላሉ ላይ ሆኜ ይህንኑ ዓረፍተ ነገር አሥር ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ የሰማሁት ግን ጥራቱን ብቻ ነበር።

እትዬ ፋሻዋ መሬት እየተጎተተ፣ ግድግዳ ይዛ ወጣች። መንገዱን ተሻግራ ሱቄ ስትደርስ በርጩማዬ ላይ ተቀመጠች፤ እናታችን ስትቀበር እኔን አባብላ እሷ ያላለቀሰች ሴት አለቀሰች። «ቁስሌ ይግደለኝ እንጂ እዚያ ውሃ ውስጥ አልመለስም» ብላ ከማለች ዛሬ አሥራ አንድ ቀኗ ነው። ቤት ውስጥ የምችለውን ያህል እሞክራለሁ፤ ነገር ግን ብየዳ የለመደ እጅ ቁስል አያውቅም፣ ቁስሉም መሽተት ጀምሯል። ቀዶ ሐኪሙ እስከ ማክሰኞ በደንብ ካልታጠበ ቆዳ ሊተከልላት እንደማይችል፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ የሚነጋገሩት ስለ ቆዳ ሳይሆን ስለ እግር እንደሚሆን ነግሮኛል። ዶክተር፣ ፈርቻለሁ። ለዚህ ጨዋ ቃል ፈልጌ አጥቻለሁ።

ስለዚህ ከክቡርነትዎ የምለምነው ትንሽ ነው፦ ማክሰኞ ጠዋት አንድ ወንበር፣ አንድ መርፌ፣ ሲስተር ቀስንና ሃያ አምስት ደቂቃ። እሳቸው ካሉ ትመጣለች፤ ጠይቄያት «በእሳቸውስ እሺ» ብላኛለች። ዕቅዱ የሚጎድልበት ከሆነ፣ ቢሮዎ ደጅ ስጠብቅ ካሳለፍኳቸው ሦስት ቀናት ላይ ይቀነስልኝ።

ላደረጉልን ሁሉ፣ በተለይም ለቀረው፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣

በድምፅዎ ሥር ተኝቶ የማያውቅ፣ እህቱን ግን ያስተኛ፣
ታዛዥዎ፣ ከበሩ ፊት ለፊት ያለው ራዲዮ ጠጋኝ

ግልባጭ፦
ለካርድ ማከማቻ ክፍል (ፋይሎቹ ሰምተው እንዲረጋጉ)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ስለ ጣትዎ ቃል ገብቼ ነበር። ባለፈው ዓርብ የኮሪደሩን ሽቦ ሳጠብቅ ዘበኛው እየሮጠ መጥቶ፣ ክቡርነትዎ ሥጋ ውስጥ የገባ ጥፍር ሊያስነቅሉ ወደ ቁስል ማጠቢያው ክፍል ስለገቡ «ያንን ድምፅ ባስቸኳይ ዝጋው፣ ይረብሸኛል ብለዋል» አለኝ። ፊውዙን አወጣሁ። ወዲያው ሲስተር ቀስ ከካርድ ማከማቻ ተጠርተው መጡ፤ ከኋላቸው መርፌ፣ ከመርፌው ኋላ ወንበር ገባ፣ በሩም ተዘጋ። በእጄ ሰዓት አርባ አንድ ደቂቃ ፈጀ፤ ጩኸት አልሰማሁም። ክቡርነትዎ ሲወጡ «እጅዎ ይባረክ ሲስተር» ብለው እያነከሱ በፈገግታ አለፉ፤ እሳቸውም ወደ ፋይሎቻቸው ተመለሱ። ፊውዙ እስካሁን ኪሴ ውስጥ ነው። መልሰህ ግጠም ያለኝ የለም፤ ማስታወቂያ ሰሌዳው እንደሚለው ግን በዚህ ሳምንትም ቁስል ታጣቢዎች መቶ በመቶ የሂፕኖሲስ አገልግሎት አግኝተዋል። አሁን ከዚያ ክፍል የሚወጣው የበሽተኞቹ ድምፅ ብቻ ነው፤ መንገድ ተሻግሮ ሱቄ ድረስ ይሰማኛል። ቢሮዎ ሦስተኛ ፎቅ ስለሆነ ምናልባት ለእርስዎ አይደርስ ይሆናል። ከፈቀዱ ማጉያውን ከክፍሉ ጣሪያ አውርጄ ከወንበርዎ በላይ ልሰቅልልዎ፣ ማይክሮፎኑን ደግሞ እዚያው አልጋው ራስጌ ልተክልልዎ ዝግጁ ነኝ። ሽቦው ይደርሳል፤ ለክቼዋለሁ።