የሁለታችን አጋዘን

መስከረም ፲፪ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.
ሎስ አንጀለስ

ይድረስ ለክርስትና እናቴ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? ከዘራውን ይዘው መውጣት ጀመሩ ወይስ አሁንም ሰው እንዳያየው ከበሩ ኋላ ደብቀው ነው የሚያስቀምጡት? አዲሱ ዓመት እንዴት ገባልዎ? እኔ ደህና ነኝ። ከደህናም በላይ ነኝ። ሁለት ጣቴ ስለተላጠ ፊደሌ ቢንጋደድ ይታገሡኝ። ለምን እንደተላጠ እነግርዎታለሁ። ሁሉንም እነግርዎታለሁ፤ በቅደም ተከተል መናገር ከቻልኩ።

በስልክ ያልነገርኩዎ ስፒከር ላይ አድርገው ስለሚያወሩ ነው። እርስዎን ሰላም ስል ጎረቤቱ ሁሉ «ደህና ነን» ይለኛል። ይህን ግን እርስዎ ብቻ እንዲሰሙት እፈልጋለሁ። አብራኝ ሬስቶራንት የምትሠራ ሰርክ የምትባል ልጅ የፊታችን ሐሙስ ወደ አገር ቤት ትበራለች፤ ፖስታውን በእጅዎ ትሰጥዎታለች።

ሥጋ በላሁ። ምን ዓይነት ሥጋ እንደሆነ ሲያውቁ ልጄ ይሉኝ እንደሆነ አላውቅም። የምጽፈው ለዚህ ነው።

ብቻዬን አልበላሁም። አብሮኝ የበላው ሰው ስሙ ሁዘይፋ ነው። አዎ። አሁን ወረቀቱን ጭንዎ ላይ አስቀምጠው ወደ መስኮቱ እያዩ ይሆናል። ይመለሱ። እባክዎ ይመለሱ፤ ጥሩው ገና ነው።

ታክሲ ይነዳል። ፌርፋክስ ሰፈር እኔና ሰርክ የምንሠራበት ሬስቶራንት ምሳ ሊበላ ሲመጣ ነው የተዋወቅነው፤ ሦስት ዓመት ሆነን። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ላይ የበላነው ጾም ብቻ ነው። እሱ የእኛን ሥጋ አይበላ፣ እኔ የእነሱን አልበላ። በየዓይነቱ መካከላችን ይቀመጣል። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን። ለፋሲካ ለሰው ሁሉ ዶሮ ወጥ ስሠራ ውዬ፣ እናቴ፣ ማታ ከእሱ ጋር ሽሮ በላሁ። አንዳንዴ ዓሣ እንበላለን፤ ዓሣ የሚያርደው የለም። አንድ ቀን እጁን ከገበታው ላይ አንሥቶ «እኔና አንቺ እኮ ሳንመነኩስ ቆብ ደፋን» አለኝ። ሳቅኩ። ከዚያ ሳቄ የት እንደሄደ አላውቅም።

ከሐምሌ ወዲህ ሽንኩርት ሲቁላላ ወጥ ቤት መቆም አቃተኝ። ወጥቼ መንገዱ ዳር እቆማለሁ። የሬስቶራንቱ ባለቤት ምንም ሳትጠይቅ ካሽ ሬጅስተር ላይ አስቀመጠችኝ። ሐኪሟ ደምሽ አንሷል፣ ቀይ ሥጋ ብዪ አለችኝ። ሁዘይፋ ይህን ሲሰማ ከክርስቲያን ሥጋ ቤት ገዝቶ አመጣልኝ፤ የሚገዛው የት እንደሆነ ሰው ጠይቆ። ጠብሼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሊያጎርሰኝ እጁን ይሰነዝራል፤ ሳህኑ ጋ ሳይደርስ ይመልሰዋል። ይሰነዝራል፣ ይመልሰዋል። አልዋጥልኝ አለ። እንዲህ እየሆነ ሦስት ቀን።

በአራተኛው ቀን «የዱር እንስሳስ?» አለኝ።

ምን ማለትህ ነው አልኩት።

«አጋዘን። ማንም አላረደው፣ ማንም አልሸጠው። አብረን ሄደን አብረን እናመጣዋለን። ስለዚህ የሁለታችን ነው።»

እሱ ከዚህ በፊት ሁለት መስከረም በደጋን ለማደን ወጥቶ ባዶ እጁን ተመልሷል። ጠመንጃ አይወድም። እኔም ዓምና ትምህርቱን አብሬው ተምሬ ፈቃድ አውጥቻለሁ፤ ደጋን መሳብም እወዳለሁ። ይህንንም አልነገርኩዎም። ኢላማው የሣር ነዶ ነው። ፍላጻው ሲሰካ «ጥብ» ይላል። ያ ድምፅ ቀኑን ሙሉ ከውስጤ አይወጣም።

ማን ይምታው በሚለው ሳምንት ተጨቃጨቅን። «እኔ ከመታሁት የእኔ ነው፣ አትበዪም። አንቺ ምቺው» አለኝ። ሴት አታርድም አልኩት። «መምታት ማረድ ነው?» እርስዎን መጠየቅ ነበረብኝ፤ አልጠየቅኩም። በመጨረሻ ተስማማን፦ እኔ እመታለሁ፣ ነፍሱ ሳትወጣ እንደርስበታለን፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ያን ጊዜ እናያለን። ከዚያ በኋላ ያለውን! እንዴት ያለ ስምምነት ነው?

ቅዳሜ ጎህ ሳይቀድ ሃውቶርን ከሚባለው ሰፈሬ ተነሣን። ከተማው ጀርባ ወዳለው ተራራ። መኪናውን ፓርክ አድርገን በእግር። ሳምንቱን ሙሉ ሽታ በሌለው ሳሙና አስታጥቦኛል፤ አጋዘን ሰውን የሚያውቀው በአፍንጫው ነው። እንደዚያም ሆኖ አንገቴ ሥር ጠጋ ብሎ አሸተተና «ቁሌት» አለ። «በዚህ ሽታሽ አጋዘን አይመጣም። የፌርፋክስ ሾፌር በሙሉ ነው ተከትሎን የሚመጣው።» አፌን በእጄ አፍኜ ሳቅኩ። ነፋሱን የሚያይበት ዱቄት መኪና ውስጥ ረስቶታል። እኔ ኪሴ ውስጥ ጤፍ ዱቄት ነበረኝ፤ ከሬስቶራንቱ የያዝኩት፣ እንደሚረሳ አውቄ። ቆንጠር አድርጌ ለቀቅኩት። ወደ ፊታችን ተነፈሰና ወደ እኛ ተመለሰ። ደህና ነው። ነፋሱ ከአጋዘኖቹ በኩል ወደ እኛ ነው።

ሁለት ሰዓት ሄድን። ዐሥር እርምጃ፣ መቆም። ዐሥር እርምጃ፣ መቆም። እንዲህ ሄጄ አላውቅም። እርስዎ ቅዳሴ ላይ ሲሄዱ እንደዚያ ነው የሚሄዱት፣ ድምፅ እንዳይሰማ።

መጀመሪያ ሁለት ሴት አጋዘኖች ወጡ። ሴት አይመታም፣ ሕጉ ነው። ከእነሱ ኋላ ቁጥቋጦው ተነቃነቀ። ቀንድ። ቀንዱ ካልተከፈለ ደግሞ አይፈቀድም። ቆጠርኩ። አንድ፣ ሁለት። ሌላውን ጎን። አንድ፣ ሁለት። ሁዘይፋ ከኋላዬ መተንፈስ አቆመ። ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። ልቤ እንዲህ ሲጮኽ እንዴት አልሰማውም? ሁለቱን ጣቴን የላጠውን አውታር እስከ ጉንጬ ሳብኩ። እንስሳው አንገቱን ወደ ሣሩ ዝቅ አደረገ።

ለቀቅኩ።

ዘለለ። መታሁት! መታሁት፣ እናቴ! ትንሽ ሮጦ ዋርካ የሚያህል ዛፍ ሥር ሲተኛ አየሁት።

አሁን ስሕተቴን ልንገርዎ። በደጋን የተመታ እንስሳ አይከተሉትም። ቁጭ ይሉና ግማሽ ሰዓት ይጠብቃሉ፤ ማንም ካላሳደደው በተኛበት ያልቃል። ትምህርቱ ላይ መጀመሪያ የሚነገረው ይህ ነው፤ ፈተናው ላይ በትክክል መልሼዋለሁ። ግን እዚያ ሳይ የታየኝ ሌላ ነው። ሳይባረክ ሊሞትብኝ ነው። በክት ሊሆንብኝ ነው። ይህን ሁሉ መጥተን፣ ሦስት ዓመት ሽሮ በልተን፣ በክት።

ሮጥኩ።

«ቁጭ በይ!» አለኝ፤ በሹክሹክታ ይጮኽ ነበር። አልሰማሁትም። አጋዘኑ አየኝ። ተነሣ። ከነፍላጻው ተነሥቶ በጉብታው ጀርባ ጠፋ።

ሁዘይፋ ደረሰብኝ። ሲቆጣ አይጮኽም፤ ድምፁ ይቀጥናል። «ሮጠሽ ምን ልታደርጊ ነበር? አንቺ አታርጂም። እኔ ባርደው አትበዪም። ለማን ነው የሮጥሽው?»

ለማን ነው የሮጥኩት? እስካሁን ይጠይቀኛል፤ እሱ ሳይሆን ጥያቄው።

አንድ ሰዓት ተቀመጥን። ካስነሣሁት በኋላ ግማሽ ሰዓት አይበቃም። ጀርባ ለጀርባ ነው የተቀመጥነው። ለአጋዘኑ በሃሳቤ እተነፍስለታለሁ፤ አንድ ለእኔ፣ አንድ ለእሱ። ከታች ከተማው በጭጋግ ተሸፍኗል። ሰዓቱ ሲሞላ ተነሥተን ደሙን መከተል ጀመርን። ጠብታው የምስር ፍሬ ቢያክል ነው። ባገኘን ቁጥር ቁጥቋጦው ላይ ቁራጭ ሶፍት እንሰካለን፣ መንገዱ እንዳይጠፋን። ወደ ኋላ ሳይ ተራራው ነጭ በነጭ ሆኗል። «ሠርግ ቤት አስመሰልሽው» አለኝ። ቁጣው ያለቀ መሰለኝ። ከዚያ ጠብታው ጠፋ። ተንበርክከን በእጃችን ቅጠል እየገለጥን ፈለግን። ጠፋ። ይቅር አልኩ በልቤ፤ ይህ ምልክት ነው፣ አይሆንም ማለት ነው። ሁዘይፋ ከላይ ፉጨት አሰማ።

በሕይወት አለ። ድንጋይ ተደግፎ ተኝቷል። መነሣት አይችልም። ዓይኑ ግን ተከፍቷል፣ ያየናል።

ሁዘይፋ ቢላዋውን በእጀታው በኩል ሰጠኝ። «የመታሽው አንቺ ነሽ።»

ሴት ነኝ አልኩት። ያስታውሳሉ? ዶሮዋን አሳቅፈው ደጅ ያቆሙኝ ነበር፤ ክርስቲያን ወንድ እስኪያልፍ። አንዴ እስከ ቀትር ቆሜያለሁ። እዚያ ተራራ ላይ የሚያልፍ ሰው አልነበረም። እንስሳው እየተጨነቀ ነው። የሚያስቡበት ጊዜ የለም።

ያዝ አልኩት። አብረን።

ዞሮ በአንድ እጁ ቀንዱን ያዘ። ወደ ምሥራቅ ይዙር አልኩ። ስልኩን አየና «መካ በሰሜን ምሥራቅ ነው» አለ። ተያየን። አንገቱን ቀስ አድርገን አዞርነው። ትንሽ ወደ እኔ፣ ትንሽ ወደ እሱ። ከዚያ ሌላውን እጁን እጄ ላይ አደረገ። እኔ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አልኩ። እሱ ቢስሚላህ፣ አላሁ አክበር አለ። ማን ቀደመ ብለው እንደሚጠይቁኝ አውቃለሁ። እውነቱን ነው፣ አላውቅም። ቢላዋው አንድ ጊዜ ነው የሄደው።

አለቀስኩ። እሱም ፊቱን አዞረ። ከዚያ ሁለታችንም እንደ እብድ ሳቅን።

ሥጋውን አውርዶ ሁለት ጊዜ ተመላልሶ መኪና ጋ አደረሰው። አንድ ጭን እንኳ አላሸከመኝም። ደጋኑንም ቀማኝ። በእጄ የነበረው የውሃ ኮዳ ብቻ ነው፤ እሱንም «ከከበደሽ አምጪ» ይለኛል።

ሃውቶርን ያለውን ቤት ያውቁታል፤ በስልክ አሳይቼዎታለሁ። ያን ቀን ካሜራውን ድንገት ወደ መስኮቱ ያዞርኩት የሁዘይፋ ጫማዎች ወለሉ ላይ ስለነበሩ ነው። ይቅር ይበሉኝ። እዚያ ነው የጠበስነው። እሱ ጠበሰ፣ እኔ በር ላይ ቆሜ ነፋስ ተቀበልኩ። ቅቤ፣ ቃሪያ፣ ጨው። ገበታው ላይ ሥጋ ብቻ። ሽሮ የለም።

ጠቀለለ። እጁን ሰነዘረ። ሳህኑን አለፈ፣ ወደ እኔ መጣ፣ አፌ ጋ ደረሰና ቆመ። የሚጠብቀው እኔን ነው። ያን ጊዜ ያሰብኩት እርስዎን ነው፣ እውነቴን ነው። ፊትዎን አየሁት። አፌን ዘጋሁ። እጁ አልተመለሰም።

ከፈትኩ።

ከዚያ እኔም አጎረስኩት። ዓይኑን ጨፍኖ አኘከ፤ ብዙ ቆየ። «ምን ይላሉ የእናንተ ሰዎች? የማን ሥጋ ነው ይህ?» አልኩት። «የካሊፎርኒያ» አለኝ አፉ ሞልቶ። ሁለተኛ ጠቀለልኩ። ሦስተኛ። ዋጥኩት፣ እናቴ፤ ሁሉንም ዋጥኩት፤ ወደ ላይም አላለኝም። ከሐምሌ ወዲህ እንደዚያ በልቼ አላውቅም።

በሥርዓቱ ካየነው የማንም እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሴት ይዛው፣ ሌላ እጅ ነክቶት። ንስሐ ግቢ ካሉኝ እገባለሁ። ጹሚ ካሉኝ ሐኪሟን ጠይቄ እጾማለሁ። አልበላሁም ግን አልልም። እንዳልበላሁ ሆኜም አልኖርም። ይህን ስጽፍ ልቤ ያን ቅዳሜ እንደመታው ነው የሚመታው፤ ፍርሃቱንና ደስታውን መለየት አቅቶኛል።

አንድ ነገር ልለምንዎ። በመጋቢት ለሚመጣው ስም ይፈልጉልኝ። እኔና እሱ ወር ሙሉ ፈለግን፤ እኔ የምለው እነሱ ቤት አይገባም፣ እሱ የሚለው እርስዎ ቤት አይገባም። በሁለቱም ደጅ ቆመው ቢጠሩት «አቤት» የሚያሰኝ ስም። እርስዎ ለእኔ አውጥተውልኛል፤ አልከበደኝም፣ አላሳፈረኝም። እንደዚያ ያለ። ቢቆጡም ስሙን ይላኩልኝ፤ ቁጣውን ከኋላው ያስከትሉት።

የዘመኑ ዝናብ በልክ ይዝነብልዎ። የሚጠሉት ሰው ደጅዎን አይርገጥ፣ የሚወዱት አይቅርብዎ። የልደታ ዕለት ሲሳለሙ ስሜን ይጥሩልኝ፤ የሱንም፣ ከከበደዎ በልብዎ። እልልታዎንም ጉሮሮዎ ውስጥ ይያዙልኝ። ሰባት ጊዜ ይሁን ሦስት ጊዜ ሐኪሞቹ ገና አልነገሩንም።

እጅዎን የምስም፣
የክርስትና ልጅዎ